«እኛ በጮርናቄ አድገን ምን ሆንን?»

ጥያቄው የመጣው ከአንዲት የጅማ እናት ነው። ረዘም ያለ ስለነበር አሳጥሬዋለሁ።

«የ6 ዓመት ወንድና የ3 ዓመት ሴት ልጅ አሉኝ። እኔ ያደግሁት በጮርናቄ፣ በደስታ ከረሜላና በባናና ማስቲካ ነው፤ ይኸው ምንም አልሆንኩም። ባለቤቴ ግን ከእንግዲህ ቺፕስ፣ ብስኩት፣ ለስላሳ የሚባል ነገር እቤት እንዳይገባ ብሏል። ወንዱ ልጄ ትምህርት ቤት የጓደኞቹን ቺፕስ እየለመነ ይበላል አሉኝ፤ በጣም አፈርኩ። ትንሿ ደግሞ ጭራሽ ምግብ አትበላም። አማቴ፣ ልጆቹ አኮ የሚሏቸው፣ በመጡ ቁጥር ብስኩት ይዘው ነው። ምን ብዬ ልንገራቸው? ለትልቁ ደግሞ ትምህርት ሲዘጋ አዲስ አበባ ወስጄ ፒዛ አበላሃለሁ ብዬው ነበር። አሁን ቃሌን ልጠፍ? ለመሆኑ ልጅን ያለ ፋስት ፉድ ማሳደግ ይቻላል?»

እህቴ፣ አንቺ እያልኩ ብጽፍልሽ ቅር እንደማይልሽ ተስፋ አለኝ። ሥራዬ የሕፃናት አመጋገብ ነው። የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ያደግሁትም እዚሁ ጅማ ስለሆነ ያንን ጮርናቄ በደንብ አውቀዋለሁ።

የኔ ጮርናቄ የሐሙስ ነበር። ሐሙስ የሂርማታ ገበያ ቀን ነው። እናቴ ዘንቢሏን ይዛ ስትወጣ ተከትያት እሄዳለሁ። ዕቃ ከተሸከምኩላት ስሙኒ አገኛለሁ። ሴትዮዋ ጮርናቄውን ከዘይቱ አውጥታ በጋዜጣ ቁራጭ ትጠቀልልልኛለች። ዘይቱ ወረቀቱን አልፎ ጣቴን ያርሰዋል። አንዳንዴ የጋዜጣው ፊደል ተገልብጦ ጮርናቄው ላይ ይታተማል፤ እሱንም እበላዋለሁ። ከረሜላ ደግሞ አንዱ ለሁለት ነበር። በሸሚዝ ጫፍ ይጠቀለልና በጥርስ ይሰበራል። ትልቁ ቁራሽ ለማን ይድረስ የሚለው ሌላ ጠብ ነው።

እስቲ መጀመሪያ «ምንም አልሆንኩም» ያልሽውን እንየው። እኔም እንደዚያው እላለሁ። ግን ሁለት መንጋጋዬ ተነቅሏል። ይህን ለሰው ስነግር አብዛኛው ሰው ሳያስበው ምላሱን ወደ ጉንጩ ሰደድ አድርጎ የራሱን ክፍተት ይፈትሻል። አንቺም አሁን ሳትፈትሺ አልቀረሽም።

ጥርሱን እንተወው። ነጥብሽ ግን አብዛኛው ልክ ነው። ያ ጮርናቄና ያ ከረሜላ ብዙ አልጎዳንም። ያልጎዳን ግን ንጹሕ ስለነበር ወይም ዘይቱ ጥሩ ስለነበር አይደለም። ስሙኒ የሚገኘው በሳምንት አንዴ ስለነበር ነው። በተረፈው ስድስት ቀን ሲርበን ያለው ነገር ቆሎ ነው፤ ንፍሮ ነው፤ በክረምት የበቆሎ እሸት ነው። ከጎረቤት አጥር የተንጠለጠለ ዘይቱን (ጓቫ) ነው። ሸንኮራ በጥርሳችን ልጠን እንበላለን። ትምህርት ቤት ደግሞ በእግር ነበር፤ ባጃጅ ገና አልመጣም። የጠበቀን ጨዋነታችን አልነበረም፤ ኪሳችን ነው።

አሁን ያ ጠባቂ ተነስቷል። ከቤትሽ እስከ ትምህርት ቤቱ ስንት ሱቅ አለ? ቁጠሪው። ብስኩቱ በገመድ ተሰክቶ የሚንጠለጠለው ደግሞ በማን ዓይን ልክ ነው? በልጅሽ። ከረሜላ የብር ዝርዝር ሲጠፋ መልስ ሆኖ የሚሰጥበት አገር ነው ያለነው። ስለዚህ ጥያቄሽን እኔ እንዲህ ነው ያነበብኩት፦ ድሮ ኪስ ይሠራው የነበረውን ሥራ አሁን ማን ይሥራው? ባለቤትሽ «ክልከላ ይሥራው» ብሏል። እኔ ደግሞ «ሰዓት ይሥራው» እላለሁ። ለምን እንደሆነ ላስረዳሽ።

ከዚያ በፊት ግን ጠላታችንን በስሙ እንጥራው። ፋስት ፉድ ሲባል ሰው በርገርና ፒዛ ነው የሚያስበው። ማክዶናልድስ አገራችን የለም። ፒዛ ሃት አዲስ አበባ የገባው በ2010 ዓ.ም. ነው፤ ከኛ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የጅማ ልጅ በርገር በዓመት ስንቴ ይበላል? እኔ ጋ የሚመጡ ልጆችን ያበላሸው በርገር አይደለም። ከሱቅ የሚወጣው ትንሽ ትንሹ ነገር ነው፦ ጠዋት በስኳር የተሞላ ሻይ፣ በ4 ሰዓት ብስኩት፣ ከትምህርት ቤት መልስ ለስላሳ፣ ማታ እናት ሲደክማት ኢንዶሚ። አንዱም ብቻውን ሲታይ ምንም አይመስልም። ማንም ደግሞ ምግብ ነው ብሎ አይቆጥረውም። ችግሩም እዚያ ላይ ነው።

ስለ ለስላሳ ባለቤትሽ ልክ ነው፤ ፊት ለፊት ልንገርሽ። በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ግራም ያህል ስኳር አለ። የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ነው ብለሽ ያዢ። እንግዲህ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ወደ 8 ማንኪያ ነው። የግማሽ ሊትሩ ፕላስቲክ 13 ማንኪያ ያህል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከተጨመረ ስኳር የሚገኘው ጉልበት ከቀኑ ምግብ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። በልጅሽ ዕድሜ ይህ ሲመነዘር ቢበዛ 9 ማንኪያ፣ ቢቻል ከ5 ማንኪያ በታች ነው። ቀኑን ሙሉ! አንድ ጠርሙስ ከጠጣ ሻዩም፣ ብስኩቱም፣ ማርማላታውም ከዚያ በላይ ትርፍ ነው። ለስላሳ የእንግዳ ይሁን። የሠርግ ይሁን። ለውሃ ጥም አይሁን።

የሱቅ ጁስም የተለየ ነገር አይምሰልሽ። በካርቶኑ ላይ ማንጎ ስለተሳለ ማንጎ አይሆንም። ጁስ ቤት የሚጨመቀውም ቢሆን ሽሮፕና ስኳር ካልተጨመረበት ነው ደኅና የሚሆነው። ጅማ ተቀምጦ ለልጅ የማንጎ ጁስ በካርቶን መግዛት ግን... ተይው፣ አልናገርም።

ሻዩ ላይ ቆም ልበል፤ እዚህ ከተማ ላይ ከለስላሳው ይልቅ የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው። ሻይ በዳቦ የስንት ልጅ ቁርስ ነው? እናቶችን ስንት ማንኪያ ስኳር ታደርጊለታለሽ ስላቸው «ሁለት» ይላሉ። ማንኪያውን አሳዪኝ ስላቸው የሾርባ ማንኪያ ሊያክል ምንም የማይቀረው ክምር ነው። ስኳሩ አንድ ነገር ነው። ሌላው ደግሞ ሻይ ራሱ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ከጥራጥሬና ከአትክልት የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስደው ይይዘዋል። የሚገባው ብረት በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ይቀንሳል። ቡናም እንደዚያው ነው። ጅማ ነንና ለልጅ በሲኒ «ትንሽ ትቅመስ» የምንል ብዙ ነን። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ልጆቻችን 57 በመቶው የደም ማነስ ነበረባቸው። መንስኤው ብዙ ነው፤ ሁሉንም በሻይ አላሳብብም። ግን ምስር ወጥ አብልቶ ወዲያው ሻይ ማጠጣት በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መንጠቅ ነው።

ስለዚህ ሻዩ ከምግቡ አንድ ሰዓት ይራቅ። ስኳሩን ደግሞ በአንዴ አትቁረጪው፤ ጩኸት ነው የምታተርፊው። በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ቀንሺ። ምላስ ይለምዳል። ኮረሪማና ቀረፋ ጨምሪበት። ኮረሪማ እንደሆነ የኛው ጫካ ልጅ ነው። ጣፋጭ ሽታ ያለው ሻይ ስኳሩ ሲያንስ ብዙም አያስታውቅም። እኔ ቤት ከሦስት ማንኪያ ወደ ግማሽ ለመውረድ ሁለት ወር ገደማ ፈጅቷል። የተቸገርኩት እኔ ነኝ፤ ልጆቹ አላስተዋሉትም።

አሁን ወደ ትንሿ ልጅሽ ልምጣ። «ምግብ አትበላም» ያልሽው ነገር ከሁሉም በላይ የሚመለከተኝ ነው። በሥራዬ በየሳምንቱ የምሰማው ቃል ነው። አንድ ቀን አንዲት እናት የሦስት ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። «ዶክተር፣ ይሄ ልጅ እህል በአፉ አይዞርም» አለችኝ። (ዶክተር አይደለሁም፤ ብዬም አልቻልኳቸውም።) ልጁ ጭኗ ላይ ተቀምጧል። በቀኝ እጁ ብስኩት ይዟል። የሸሚዙ ደረት ላይ ፍርፋሪ ሞልቷል። «ዛሬ ምን በላ?» አልኳት። «ምንም።» «ይሄስ?» አልኩ ወደ እጁ እያሳየሁ። «እሱማ ብስኩት ነው» አለችኝ። ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን።

የሦስት ዓመት ልጅ ሆድ ትንሽ ናት። ግማሽ እሽግ ብስኩትና አንድ ኩባያ ጣፋጭ ሻይ ይሞላታል። ከዚያ ምሳ ሲቀርብ አፏን ብትገጥም ልክ ናት፤ ጠግባለች። እናት ትደነግጣለች። «ቢያንስ ይሄን ትቅመስ» ብላ ሌላ ብስኩት ትሰጣለች። ልጅቷ ከዚህ የምትማረው አንድ ነገር ነው፦ ወጥ እምቢ ካሉ ብስኩት ይመጣል። በኛ አገር የብስኩት ትልቁ ጉዳት ማወፈሩ አይመስለኝም። የእንቁላሉን፣ የሽሮውን፣ የጎመኑን ቦታ መያዙ ነው። በዚያው የ2008 ጥናት ከመቶ 38 ልጆች ለዕድሜያቸው አጭር ነበሩ። ቁመት በብስኩት አይመጣም።

ለእሷ የምልሽ እንዲህ ነው። ለአንድ ሳምንት በምግብ መካከል ከውሃ በስተቀር ምንም አትስጫት። ምግብና መክሰስ ግን ሰዓታቸውን ጠብቀው ይቅረቡ፤ በየሁለት ሰዓት ተኩል፣ በየሦስት ሰዓት። ከበላች በላች። ካልበላች ሳትቆጪ፣ ሳትለማመጪ ሳህኑን አንሺ። ኤሊን ሳተር የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ ምግብ ባለሙያ ሥራውን እንዲህ ከፍለውታል፦ ምን፣ መቼና የት እንደሚበላ ወላጅ ይወስናል፤ መብላት አለመብላቱንና መጠኑን ልጁ ይወስናል። ለእኛ ይህ ከባድ ነው። ጉርሻ የምንወድ ሕዝብ ነን። «በሞቴ» ብለን ነው የምናጎርሰው። ጉርሻው ይቆይ፤ ግን ልጅቷ አፏን ስትዘጋ እጅሽን መልሺ። አዲስ ምግብም አንዴ ስትተፋው «አትወደውም» ብለሽ አትፍረጂ። ልጅ አንድን ምግብ እስኪለምድ አሥር ጊዜና ከዚያ በላይ ሊቀርብለት ይችላል። ትንሽ ትንሽ፣ ያለ ጭቅጭቅ።

ክልከላውን ደግሞ ለምን እንደምፈራው ልንገርሽ። ሞክሬዋለሁ። የመጀመሪያዋ ልጄ አራት ዓመት እስኪሆናት ከረሜላ አታውቅም ነበር። በዚህም በየቡናው እኩራራ ነበር። አንድ ቅዳሜ ጎረቤት ልደት ተጠራች። ማታ ስናወልቃት ከካልሲዋ ውስጥ ከረሜላ ወጣ። ከአንደኛው ካልሲ አራት፣ ከሌላው ሦስት። አንዱ ቀልጦ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ተጣብቋል። ማልቀስ ጀመረች። ያስለቀሳት መያዟ ነው፤ እኔ ደግሞ ያሳፈረኝ የአራት ዓመት ልጅ ከአባቷ ምግብ መደበቅ መማሯ ነው።

በኋላ ሳነበው ለካ የታወቀ ነገር ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. ጄኒፈር ፊሸርና ሊያን በርች የተባሉ ተመራማሪዎች ከ3 እስከ 5 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ይህን ፈትነውታል። ልጆቹ እያዩት የተከለከሉትን ጣፋጭ፣ እንደልብ ከተፈቀደላቸው ተመሳሳይ ጣፋጭ አብልጠው ፈለጉት፤ ስለሱ ብዙ አወሩ፤ ሲፈቀድም ወደሱ ተሻሙ። ብርቅ ያደረገው ክልከላው ነው። «የቤት ሥራህን ከጨረስክ ከረሜላ አለ» ማለትም እንደዚያው ነው። ከረሜላን ሽልማት፣ ጎመንን ቅጣት ታደርጊዋለሽ። እኛ ባለሙያዎቹ ራሳችን መርፌ ለተወጋ ልጅ ከረሜላ ስንሰጥ ኖረናል፤ ንስሐ እገባበታለሁ።

እንግዲህ ልዩነቱን ልብ በይ። እቤት ውስጥ ቁም ሣጥን ላይ አስቀምጦ «አይነካም» ማለት ከሁሉም የከፋው ነው። ጨርሶ እቤት አለመኖሩ ደኅና ነው፤ እዚህ ላይ ከባለቤትሽ ጋር ነኝ። ውጭ ሲገኝ ግን ይብላ። ልደት ላይ ኬክ ይብላ። በረመዳን ጎረቤት ሳምቡሳ ሲልክ ይብላ። ሱቅ የሚሄዱበት አንድ ቀን ደግሞ ይኑራችሁ። እኛ ቤት ቅዳሜ ነው። ልጆቹ አንድ አንድ ነገር ራሳቸው ይመርጣሉ፤ ከምሳ በኋላ ተቀምጠው ይበሉታል። ከዚያ ጥርስ ይታጠባል። ማክሰኞ ዕለት «ከረሜላ!» ሲሉኝ «እምቢ» አልልም፤ «ቅዳሜ» ነው የምለው። የኔ ሐሙስ መሆኑ ነው።

ስለ ጥርስ ካነሳሁ አይቀር፣ ከመጠኑ ይልቅ ስንት ጊዜ መበላቱ ነው የሚጎዳው። አፍ ውስጥ ስኳር በገባ ቁጥር ለግማሽ ሰዓት ያህል አሲድ ጥርሱን ይበላዋል። አምስት ከረሜላ በአንድ ጊዜ መብላት፣ አምስቱን ቀኑን ሙሉ ከመምጠጥ ይሻላል።

አሁን ዋናው ነገር መክሰስ ነው። ቃሉ ራሱ እየጠፋ ነው፤ ልጆቼ «ስናክ» ነው የሚሉት። ድሮ 10 ሰዓት ላይ ቡና ሲፈላ የቡና ቁርስ ይቀርብ ነበር። ቆሎ፣ ንፍሮ፣ ፈንዲሻ፣ ቁራሽ ዳቦ። ልጅ እሱን ዘግኖ ወደ ጨዋታው ይሮጣል። ያ የኛ መክሰስ ነበር፤ ማንም ሳያቅደው በቡና ሰዓት ይመጣ ነበር። አሁን በሥራ ቀን 10 ሰዓት ላይ እቤት ማን አለ? ልጁ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ተርቧል። ራት ገና 1 ሰዓት ተኩል ነው። መሐሉ ባዶ ነው። ባዶውን የሞላው ባለሱቁ ነው። የልጅሽን ሆድ ከባለሱቁ መልሰሽ ለመውሰድ ማድረግ ያለብሽ ነገር ቢኖር ይሄን አንድ ሰዓት መያዝ ነው። ልጁን ልትወስጂ ስትሄጂ፣ ወይም የምትልኪው ሰው ሲሄድ፣ በእጁ የሚበላ ነገር ይያዝ። በሩ ላይ ሙዝ የተቀበለ ልጅ ሱቁን አልፎ ይሄዳል። ሁልጊዜ አይደለም። ብዙ ጊዜ ግን ያልፋል።

ምን ይሁን ካልሽኝ ጅማ ላይ ሆኖ ይህ ጥያቄ ሊያስቸግር አይገባም። አቮካዶ ዳቦ ላይ ተለቅልቆ፣ ትንሽ ጨውና ሎሚ ጠብ ብሎበት፤ ምግብ ቤት የማያውቀው «በርገር» ይወጣዋል። የተቀቀለ ጎደሬ ወይም ቦዬ፣ ትንሽ ተልባ ወይም ቅቤ ነገር። ስኳር ድንች። ፓፓያ። ብርቱካን፤ እሱ ደግሞ የምስሩን ብረት እንዲገባ ይረዳዋል። በሶ በማር ተለውሶ። አማትሽ ጩኮ (በቅቤ የሚለወስ የተቆላ ገብስ ዱቄት) መሥራት ካወቁበት ደግሞ እድለኛ ነሽ፤ ወደሱ እመለሳለሁ። እንቁላል ተወዷል፤ አውቃለሁ። ግን የሳምንቱን የብስኩት፣ የቺፕስና የለስላሳ ወጪ አንዴ በወረቀት ጻፊው። እኛ ቤት ደምረነው ስንት እንቁላል እንደሚወጣው ስናይ ሚስቴ እስክሪብቶውን ጥላ ተነሳች።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ቆሎ፣ ፈንዲሻና ሙሉ ኦቾሎኒ ለትንሿ አትስጫት። ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ ወደ አየር ቧንቧ ሊገባ ይችላል፤ ሲሮጡ ደግሞ ይብሳል። ለሷ ንፍሮው በደንብ በስሎ ይለስልስ፤ ኦቾሎኒው ይፈጭ። ማርም አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም፤ ያንቺዎቹ አልፈውታል፣ ግን ጎረቤት ይሰማ።

የልጅሽ ልመና። እባክሽ እፍረት አይሰማሽ፤ እሱንም አትቆጪው። የስድስት ዓመት ልጅ ጓደኛው የሚበላውን ይፈልጋል፤ ይህ ልክፍት አይደለም። ልመና የሆነበት በእጁ የሚያካፍለው ነገር ስለሌለው ነው። ምሳ ዕቃው ውስጥ ለሁለት የሚበቃ ነገር ጨምሪ። ዳቦ ቆሎ ይሁን፣ በቤት ዘይት የተጠበሰ ድንች ይሁን። ዳቦ ቆሎ በአንዲት ከረጢት ይዞ የሄደ ልጅ ያን ቀን ለማኝ አይሆንም፤ ባለሀብት ነው። ልጄ በአንድ ወቅት ዳቦ ቆሎ ለመላው ረድፍ ታድል ነበር። እናቶቹ «እንዴት ነው የሚሠራው?» እያሉ መደወል ጀመሩ። ልጅ ከእናቱ ይልቅ ጓደኛውን እያየ ነው አዲስ ምግብ የሚለምደው፤ ይህን ለኛ ጥቅም ማዋል ይቻላል።

ስለ አኮ። እሳቸውን «ብስኩት አያምጡ» አትበያቸው። አያት ባዶ እጇን ልጅ ቤት አትገባም፤ ያን ብስኩት የገዙት ከጡረታቸው ወይም ከሸጡት ነገር ቀንሰው ሊሆን ይችላል። እንዲህ በያቸው፦ «አኮ፣ ልጆቹ የርስዎን ጩኮ ነው የሚሉት። እኔ ስሠራው እንደርስዎ አይጥምልኝም፤ እባክዎ አንድ ጊዜ ያሳዩኝ።» ገብሱን ራሳቸው ይቆሉታል፤ ቅቤውን ራሳቸው ያነጥሩታል። ከዚያ በኋላ ይዘው የሚመጡትን አይተሽ ንገሪኝ። አንዳንድ ቀን ብስኩትም ቢያመጡ ተቀበያቸው፤ ተመርቆ ይበላል። ንግግሩንም ቢሆን ባልሽ ቢያደርገው ይሻላል። እናቱ ናቸው።

አንዳንድ ነገሮችን ቶሎ ቶሎ ልጥቀስና ላብቃ። ኢንዶሚ የተከለከለ አይደለም፤ ችግሩ የዱቄቱ ከረጢት ነው። ጥቅሉ ላይ ሶዲየም የሚለውን ፈልጊና በ2.5 አባዢው፤ ጨው ይወጣልሻል። ለአዋቂ እንኳ በቀን ከ5 ግራም በታች ነው የሚመከረው። ዱቄቱን ግማሹን ጣዪው፤ እንቁላልና ጎመን ጨምሪበት፤ ምግብ ሆነ። በላስቲክ የሚሸጠው ባለቀለም በረዶ ደግሞ ከስኳሩ በላይ የሚያስፈራኝ ውሃው ነው፤ ከየት እንደተቀዳ ማን ያውቃል። ጮርናቄና ሳምቡሳም ከመንገድ ስትገዢ ዘይቱን እዪ። ከጠቆረ፣ ከተደፈደፈ፣ ከጨሰ ይቅርብሽ። ብስኩት ስትገዢም በ100 ግራም ስንት ስኳር እንዳለው አንብቢ፤ ከ22 ግራም በላይ ከሆነ ከረሜላ ነው የያዝሽው፣ ብስኩት አትበይው።

ትንሿን ግን አንድ ጊዜ አስመዝኚያት። በክትባት ካርዷ ላይ የክብደቷ መስመር ለወራት ከተኛ፣ የዓይኗ ውስጠኛ ሽፋን ከነጣ፣ ወይም አፈር ስትበላ ካየሻት ጤና ጣቢያ ውሰጃት። ያ የብስኩት ጉዳይ ብቻ አይሆንም።

ፒዛው ቀረ። ቃልሽን አትጠፊ። የስድስት ዓመት ልጅ የእናቱን ቃል ይቆጥራል፤ ፒዛውን ግን በዓመት አንዴ ቢበላው ሰውነቱ አይቆጥረውም። ውሰጂው። እንዲያውም አባቱም ይምጣና አንድ ቁራጭ ይብላ። ቁርሱን በልቶ ይሂድ፤ መጠጡ ውሃ ይሁን። የተረፈውን ደግሞ አስጠቅልላችሁ ለአኮ አምጡላቸው፤ እሳቸውም ቀምሰው ይፍረዱት።